መንኮራኩር የሚውጠው ዘንዶ ምን በልቶ ይኖራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። የህዋ ጀብዱ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር የህዋ ዐለት) ሆድ ውስጥ የሚኖር፣ መንኮራኩር የሚውጥ ግዙፍ ዘንዶ አለበት። ጓደኛዬ አነበበውና "ህዋ ላይ አየር የለ፣ ምግብ የለ፣ ይሄ እንዴት ይሆናል?" ብሎ አጣጣለብኝ። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መልስ፦ ግፋበት ወንድሜ! ጓደኛህ ግን ሳያውቀው ትልቅ ውለታ ውሎልሃል።

ግዙፍነቱ አያሳስብህ። ምድር ላይ የአንድ እንስሳ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት እጥፍ ቢሆን ክብደቱ 8 እጥፍ ይሆናል፣ የአጥንቱ ጥንካሬ ግን ከ4 እጥፍ አያልፍም። ዓሣ ነባሪ ባሕር ዳር ሲወጣ የገዛ ክብደቱ የሚጫነው ለዚህ ነው። አስትሮይድ ላይ ይሄ ጣጣ የለም። ከአስትሮይዶች ሁሉ ትልቁ፣ 940 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሴሬስ እንኳ ስበቱ ከምድር 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የአንተ ዘንዶ ችግሩ ሌላ ነው፦ ትንሽ አስትሮይድ ላይ አንዴ ቢወራጭ ተስፈንጥሮ ህዋ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ዐለቱን ቆንጥጦ የሚይዝበት ነገር ስጠው፣ ጀግኖችህም ከአፉ የሚያመልጡበትን መንገድ እዚያው ታገኛለህ።

ምግቡ ነው ዋናው። አስትሮይዶች እርስ በርሳቸው እጅግ የተራራቁ ናቸው፣ መንኮራኩር እስኪመጣ አፉን ከፍቶ ቢጠብቅ በረሃብ ያልቃል። እዚህ ላይ የገዛ ምድራችንን ተመልከት። በፈረንጆቹ 1977 ጋላፓጎስ ደሴቶች አጠገብ፣ የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቅ ባሕር፣ ፍል ውሃ የሚተፉ ስንጥቆች ተገኙ። ዙሪያቸው አፍም አንጀትም የሌላቸው ረጃጅም ትሎች ነበሩ! የሚመግቧቸው በሰውነታቸው ውስጥ የሚኖሩና ከፍል ውሃው ኬሚካል ምግብ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ዘንዶህም ከዐለቱ ይመገብ። ታዲያ መንኮራኩሩን ለምን ዋጠ? እኔ ብሆን ለሙቀቱ አደርገው ነበር። ብርድ የገረፈው ፍጡር የሞተሩን ሙቀት ፈልጎ መንኮራኩሩን ይውጠዋል። ክፉ ስለሆነ ብቻ ከሚውጥ ጭራቅ ይልቅ ይሄኛው ያስፈራል፣ ደግሞም ያሳዝናል።

አየር የለም ላለህ ደግሞ ታርዲግሬድን ንገረው። በዓይን ለማየት የምታዳግት፣ 8 እግር ያላት ደቃቃ ፍጡር ናት። በፈረንጆቹ 2007 ታርዲግሬዶች ደርቀው እንደተኙ ለ10 ቀን ገደማ ለህዋ ባዶነት ተጋልጠው ነበር፤ ተመልሰው ውሃ ሲያገኙ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ነቅተዋል። እስቲ አስበው፦ ጀግኖችህ ደረቅ ዋሻ መስሏቸው ያርፋሉ፣ የውሃ ጋናቸው ተሰንጥቋል፣ እንፋሎቱ ግድግዳውን ይነካል፣ ከዚያ ግድግዳው ቀስ ብሎ መለስለስ ይጀምራል። እኔ ይህን ምዕራፍ ሳልጨርስ አልተኛም።

ጥያቄ፦ ጭራቅ ህዋ ላይ ቢያገሳ ድምፁ ይሰማል?

መልስ፦ አይሰማም፣ ድምፅ የሚሄድበት አየር የለማ። ዐለት ግን ንዝረት ያስተላልፋል። አስትሮይዱ ላይ የቆመ ሰው ግሳቱን በጆሮው ሳይሆን በጫማው ሶል በኩል፣ በአጥንቱ ይሰማዋል። ዙሪያው ጸጥ ብሎ እግሩ ብቻ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ አድርገሽ ጻፊው እህቴ፣ ከጩኸቱ ይበልጣል።