«ጨብጥ» ብላችሁ አትለፉት

ድንገተኛ ክፍል ገና ለገባችሁ ኢንተርኖች ነው የምጽፈው። በእናንተ ዕድሜ እያለሁ አንድ ወጣት መስታወት ሲገጥም ክንዱን ተቆርጦ መጣ። ቁስሉ ከእጅ አንጓው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በትንሿ ጣት በኩል ነው። ደሙን አቆምኩ፣ «ጨብጥ» አልኩት፣ ጨበጠ። አደንዝዤ ሰፋሁትና ወደ ቤቱ ላክሁት። ከአራት ወር በኋላ ሲመለስ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መካከል ያለው ሥጋ ጎድጉዷል፣ የቤቱን ቁልፍ እንኳን ማዞር አቅቶታል። በትንሿ ጣት በኩል ወደ እጅ የሚወርደው አልናር ነርቩ ተቆርጦ ነበር። ያ እጅ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ለምን ጨበጠ? ጣት የሚያጥፉት ረጃጅም ጡንቻዎች ክንድ ላይ ናቸው፤ ነርቫቸውን የሚያገኙትም ከክርን አካባቢ ስለሆነ አንጓ ላይ የደረሰ ቁስል አይነካቸውም። የሚሞቱት መዳፍ ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ ናቸው፣ እኔም እነሱን አልጠየቅኋቸውም።

እናንተ ማደንዘዣው ከመወጋቱ በፊት የእጅን ሦስት ዋና ነርቮች፣ ሚዲያንን፣ አልናርንና ራዲያልን፣ አንድ በአንድ ጠይቁ። መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ እጁን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፍ፣ አውራ ጣቱን ወደ ጣሪያ ያንሳ፣ እናንተ ወደ ታች ግፉት። ይሄ ሚዲያን ነው። ጣቶቹን ያራርቅ፣ ይሄ አልናር። አንጓውንና አውራ ጣቱን ወደ ኋላ ይዘርጋ፣ ይሄ ራዲያል። ራዲያል ተጎድቶ አንጓው ወደ ታች የተንጠለጠለበት ሰው ጣቶቹን ማራራቅ ስለሚከብደው አልናርም የተጎዳ ይመስላል፤ እጁን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉለትና ድገሙት።

አልናር ካጠራጠራችሁ ወረቀት በአውራ ጣቱና በጠቋሚው ጎን ይያዝ፣ እናንተ ጎትቱ። የአውራ ጣቱ ጫፍ ከታጠፈ በአልናር የሚሠራው ጡንቻ ደክሞ በሚዲያን የሚሠራው እየተካው ነው። ፍሮማ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ይህን የጻፈው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። ዛሬም ከአንድ ቁራጭ ወረቀት ሌላ ምንም አይፈልግም።

አንዱ በጣም የሚያሳስት ነገር ደግሞ አለ። በአውራ ጣቱና በጠቋሚው ክብ መሥራት ያቃተው፣ ግን ቆዳው ምንም ያልደነዘዘ ሰው ይመጣል። ብዙዎች ጅማት፣ ማለትም ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ገመድ፣ ተቆርጧል ብለው ይሮጣሉ። ሁለቱን ጣቶች የሚያጥፈው የሚዲያን ቅርንጫፍ ከቆዳ ስሜት አያመጣም፤ ስለዚህ እሱ ብቻውን ሲጎዳ መደንዘዝ የለም። አንጓውን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ እጠፉት፤ ጣቶቹ በራሳቸው ከታጠፉ ጅማቱ ደህና ነው፣ ነርቩን ፈልጉ።

የምቸኩለው በምክንያት ነው። የተቆረጠ ነርቭ ተመልሶ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከክርን እስከ መዳፍ 30 ሴንቲሜትር ብንል 300 ቀን ይፈጃል፣ ጡንቻ ደግሞ ከአንድ ዓመት፣ ቢበዛ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ አይጠብቅም። እኔ የዚያን ልጅ አራት ወር አባከንኩበት።

ካርዱ ላይ «ነርቭ ኖርማል» ብላችሁ አትለፉ። የትኛው ጡንቻ በጥንካሬ ከ5 ስንት እንዳገኘ፣ ከማደንዘዣ በፊት ይሁን በኋላ፣ ሰዓቱን ጭምር ጻፉት። ማታ ተረኛ የሚሆነው ልጅ ከዚያ ነው የሚነሳው።