የጓሮ አትክልት ንድፍ በረከት ይስባል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ጓሮዬን የሚሠራልኝ ባለሙያ «ቅዱስ ጂኦሜትሪ» በሚሉት እናሠማምረው አለኝ። ያሳየኝ «የሕይወት አበባ» የሚባል፣ 19 ክበቦች የተጠላለፉበት ንድፍ ነው። መሬት ላይ ሲሠራ ለቤቱ ጥሩ ኢነርጂ ይስባል ይላል። ማማሩን ያምራል፣ ልቤ ግን ፈራ። እሱ ከሚሆን መተላለፊያውን በመስቀል ቅርጽ ላሠራው?

መልስ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ እኅቴ። ሳትጀምሪ መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል።

ክበብ በራሱ ኃጢአት የለበትም። አገር ቤት ጎጆ የሚቀልስ ሰው መሀል ላይ ችካል ይተክልና በገመድ ይዞራል። ክብ ቤተ ክርስቲያናችንም እንዲሁ ነው፤ ቅኔ ማሕሌቱ ቅድስቱን፣ ቅድስቱ መቅደሱን ይከብባል። እግዚአብሔር ራሱ የኖኅን መርከብ 300 ክንድ በ50 በ30 ብሎ ለክቶ ሰጥቷል (ዘፍ. 6፥15)። እስቲ የሱፍ አበባ አንሺና ፍሬዎቹን አስተውዪ። በአንድ በኩል 34፣ በሌላው 55 መስመር ሆነው ሲጠማዘዙ ብዙ ጊዜ ታገኛለሽ። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር «ግሩም ግብርከ»፣ ሥራህ ድንቅ ነው፣ ነው የምለው።

ችግሩ ያለው «ይስባል» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። አበባው ሠሪውን ያሳየናል እንጂ በረከት አይስብም። ሰላምን ከንድፉ ከጠበቅሽ፣ ነገሩ ከጨሌና ከክታብ በምን ተለየ? ስሙ ዘመናዊ መሆኑ አይሸውድሽ። ለውበት ብቻ ቢሆንስ ትዪኝ ይሆናል። እኔ ብሆን ያንን ንድፍ እተወዋለሁ፤ ትርጉሙ አብሮት ይገባል፣ የሚያየውም ሰው ይሰናከላል። ባለሙያውን «እጅህን እፈልጋለሁ፣ ኢነርጂው ይቅርብኝ» በዪው።

መስቀሉን ግን መተላለፊያ አታድርጊው፣ አደራ። የምንሳለመውን በጫማ አንረግጥም። ማንም የማይረግጠው የአበባ መደብ ከሆነ ግን እሰየው ነው።

ሌላም ሐሳብ ልስጥሽ። ከኤደን የወጣው ወንዝ በአራት ተከፍሏል፦ ፊሶን፣ ግዮን፣ ጤግሮስ፣ ኤፍራጥስ (ዘፍ. 2፥10-14)። መሀል ላይ ትንሽ ውኃ፣ ዙሪያውን አራት መደብ አሠሪ። ጠዋት ወጥተሽ ስታዪው ገነትን ታስቢያለሽ፤ አዳምም እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት መቀመጡን። ማረሙና ማጠጣቱ እንግዲህ ያንቺ ነው።

ሥራው ሲያልቅ የንስሐ አባትሽን ጥሪያቸው፤ ጸሎት አድርሰው ጠበል ይርጩበት።