ጎርፍ ማሳዬን ወስዶታል፤ የመኸር ምስጋናው ላይ ምን ይዤ ልቅረብ?

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ የምኖረው በፎገራ ወረዳ፣ ከጣና ሐይቅ ዳር ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ልጆቼን የማሳድገው ሩዝ እያመረትሁ ነው። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞልቶ ሲወጣ አብዛኛው ማሳዬ በደለል ተሸፈነ፤ የተረፈውም ሩዝ ፍሬው በቅጡ አልሞላም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያረሱት ጎረቤቶቼ ግን ደኅና አምርተዋል። አሁን ውቂያው እየተገባደደ ስለ ሆነ በአጥቢያችን በመጪው ሰንበት የምስጋና ጸሎት ይደረጋል። ምእመኑ በኵራቱን ይዞ ይመጣል፤ የእያንዳንዱም ስጦታ ከነመጠኑ በድምፅ ማጉያ ይነገራል። እኔ የማቀርበው የለኝም። አንዳንዶች ባዶ እጅ ወደ እግዚአብሔር ቤት አይኬድም ይላሉ፤ አንዲት ዘመዴ ደግሞ ጎርፉ የደረሰብኝ ዐምና ዓሥራት ስላላወጣሁ እንደ ሆነ ነግራኛለች። ሰው ደኅንነቴን ሲጠይቀኝ “እግዚአብሔር ይመስገን” እላለሁ፤ ልቤ ግን አዝኗልና ይህ ውሸት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ልሂድ ወይስ ልቅር?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ይሂዱ፤ ልጆችዎንም ይዘው ይሂዱ። ደብዳቤዎን ሳነብ ከጎርፉ ይልቅ ያሳዘነኝ ከጎርፉ በኋላ ሰው የጫነብዎ ሸክም ስለ ሆነ፣ መልሴን ከእርሱ እጀምራለሁ።

ዘመድዎ ጎርፉን ከዓሥራት ጋር ያያያዙት ምናልባት ለእርስዎ አስበው ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ለዚህ አባባል ከቅዱሳት መጻሕፍት ድጋፍ አያገኙም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 እንደ ተጻፈው፣ ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሰዎች ሁሉ ይልቅ በደለኞች የነበሩ እንዳይመስለን አስጠንቅቆናል፤ ወደ ንስሐም የጠራው ቆመው የሚሰሙትን ሁሉ ነው። የኢዮብ ወዳጆች መከራውን ከኃጢአቱ ጋር ለማያያዝ ብዙ ደክመው ነበር፤ በመጨረሻ ግን በመጽሐፉ ምዕራፍ 42 ላይ የተገሠጹት እነርሱ ናቸው።

የፎገራ ሜዳ ጎርፍ የሚተኛበት ሜዳ መሆኑን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ሲወርዱ የደጋውን አፈር ተሸክመው ይመጣሉ፤ ሜዳው ላይ ሲደርሱ መሬቱ ለጥ ያለ በመሆኑና ሐይቁም በክረምቱ መጨረሻ ሞልቶ ስለሚቆይ፣ ውኃው መውጫ አጥቶ በየማሳው ይተኛል። ሜዳውን ለም ያደረገውና ለሩዝ ያመቸው ይኸው ውኃና ይኸው አፈር ነው። አንድ ዓመት የአንዱን ማሳ ያለማል፣ በሌላው ዓመት የሌላውን በደለል ይቀብራል፤ ይህን ሲያደርግ ግን ዓሥራት ያወጣውን ካላወጣው አይለይም። እግዚአብሔር ለጻድቃንም ለኃጥኣንም ዝናቡን እንደሚያዘንብ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ተነግሮናል። ዐምና ዓሥራት ሳያወጡ ቀርተው ከሆነ ጉዳዩን ለንስሐ አባትዎ ያቅርቡ፤ ከዘንድሮው ጎርፍ ጋር አያገናኙት።

ስለ ዓሥራት ከተነሣ ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ነገር መናገር እወዳለሁ። ሁላችንም በቃላችን የምንጠቅሰው የሚልክያስ ትንቢት ምዕራፍ 3፣ ዓሥራት ወደ ጎተራ የሚገባበትን ምክንያት ሲገልጥ በእግዚአብሔር ቤት መብል እንዲኖር ነው ይላል። ያ መብል ለማን እንደሚሰጥ ደግሞ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 26 በግልጥ ተጽፏል፤ የሦስተኛው ዓመት ዓሥራት ለሌዋዊ፣ ለመጻተኛ፣ ለድሀ አደግና ለመበለት ተሰጥቶ እነርሱ በልተው እንዲጠግቡ ታዝዟል። እርስዎ ባልዎ ያረፈ፣ ልጆች የሚያሳድጉ፣ እርሻዎን ጎርፍ የወሰደብዎ ሴት ነዎት። በዚህ ሕግ ውስጥ ቦታዎ ከሚቀበሉት ወገን ነው፤ ማፈር የሚገባው ካለም እርስዎ እያሉ ምንም ሳያደርግ የቀረ ሰው ነው።

ባዶ እጅ ስለሚለው ደግሞ፣ ቃሉ በእርግጥ በዘዳግም 16፥16 አለ። ነገር ግን ጠቃሾች ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ያቆማሉ፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር እያንዳንዱ እግዚአብሔር እንደ ሰጠው በረከት፣ እንደ ችሎታውም እንዲሰጥ ያዝዛል። በረከቱ ጥቂት ለሆነለት ሰው ስጦታውም ጥቂት ነው፤ ይህም ጉድለት ሆኖ አይቈጠርበትም። ከተረፈችው ሩዝ አንድ እፍኝ ቢይዙ፣ ግማሹ ፍሬ ግማሹ ገለባ ቢሆን እንኳ፣ በኵራት ነው። እርሷም ለልጆችዎ ራት የምታስፈልግ ከሆነች ለልጆችዎ ትሁን፤ አንድ ጧፍ ይዘው ይቁሙ፣ ጧፍም ካልተገኘ ጸሎትዎን ይዘው ይቁሙ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ጌታ ማመስገኑን ስንሰብክ፣ ከዚያ አንድ አንቀጽ ቀድሞ የመበለቶችን ቤት የሚበሉትን መንቀፉንም አብረን ብንሰብክ መልካም ነበር።

አሁን ወደ ልብዎ ጥያቄ ልምጣ፤ ከደብዳቤዎ ሁሉ ጥልቁ እርሱ ነውና። እያዘኑ “እግዚአብሔር ይመስገን” ማለት ውሸት አይደለም። በቅዳሴያችን ዘወትር የሚጸለየውን የቅዱስ ባስልዮስን ጸሎተ አኰቴት ልብ ብለው ይስሙት። “ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ” (በጎ ነገርን ያደረገልንን እናመስግነው) ብሎ ይጀምርና የምናመሰግንበትን ምክንያት ይዘረዝራል፤ ከድኖናል፣ ረድቶናል፣ ጠብቆናል፣ አቅርቦናል፣ ወደ እርሱ ተቀብሎናል፣ አጽንቶናል፣ እስከዚህችም ሰዓት አድርሶናል ይላል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ጎተራ አልተጠቀሰም፤ ኩንታልም የለበትም። ጸሎቱ በጥጋብ ዘመንም በረኀብ ዘመንም፣ ሠርግ ባለበት ሳምንትም ሬሳ በተሸኘበት ሳምንትም ያው ነው። ጎርፉ በመጣበት ጊዜ እርስዎና ልጆችዎ ተርፋችሁ እስከዚህች ሰዓት ደርሳችኋል። ይህን ብለው ቢያመሰግኑ እውነቱን ተናገሩ እንጂ ማሳዬ አልተጎዳም አላሉም።

ደግሞም ምስጋና ኀዘንን መደበቅን አይጠይቅም። አሁን ያለንበት ከኅዳር 15 ጀምሮ የምንጾመው ጾመ ነቢያት ነው፤ ከነቢያቱም አንዱ ዕንባቆም በለስ ባታፈራ፣ እርሻ መብልን ባይሰጥ፣ በጎችም ከበረት ቢጠፉ በእግዚአብሔር ደስ እንደሚለው የተናገረበት ጸሎት በዳዊት መጻሕፍታችን መጨረሻ ከጸሎተ ነቢያት ጋር ይገኛል፤ ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ ነቢይ ግን መጽሐፉን የጀመረው በሌላ ቃል ነው፤ “እኔ ስጮኽ የማትሰማው እስከ መቼ ነው?” ብሎ እግዚአብሔርን በመጠየቅ። ምዕራፍ 3 ላይ የደረሰው ምዕራፍ 1ን አልፎ ነው። ስለዚህ በምስጋናው ዕለት ዕንባ ቢመጣብዎ ይምጣ፤ በሥዕለ አድኅኖው ፊት ቆመው የደረሰብዎን አንድ በአንድ ይንገሩት። የሚቀርብዎ ሰው ሲጠይቅዎም “እግዚአብሔር ይመስገን፤ ማሳዬን ግን ጎርፍ ወስዶብኛል፣ የልጆቼ ቀለብ አያደርሰኝም” ይበሉ። ችግርን በምስጋና ቃል ሸፍኖ ቤት ዘግቶ መራብን ቤተ ክርስቲያን አታስተምርም፤ ቅዱስ ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች በምዕራፍ 4 ሲጽፍ ልመናን ከምስጋና ጋር አብረው እንዲያቀርቡ ነግሯቸዋል።

በእግዚአብሔር መታመንም እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። በእርስዎ አካባቢ ሩዙ ከተነሣ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ ሐይቁ እየሸሸ በሚለቀው ባሕር ሸሽ መሬትም ብዙ ሰው ያመርታል። ደለሉ የተኛበት መሬት እርጥበቱን ይዞ ከሆነ የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ አሳይተው፣ ዘር ከጎረቤት ተበድረው ይሞክሩት። ከሁለቱ ግን ሽምብራን ብመርጥልዎ ደስ ይለኛል፤ ጓያን በችግር ጊዜ አዘውትሮ ለብቻው መብላት እግርን እንደሚያሽመደምድ የታወቀ ነውና፣ ልጆች ባሉበት ቤት ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ይህን ዓምድ ለሚያነቡ የሰበካ ጉባኤ አባላትም አንድ ልመና አለኝ። የስጦታን መጠን በድምፅ ማጉያ ማንበብ ሰጪውን ሊያበረታታ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ነገር ግን በዚያው ድምፅ ስማቸው ያልተነበበው ሁሉ ይታወቃሉ፤ ጌታችንም ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ብሏል። እህሉ በዝምታ ቢሰበሰብ፣ አጠቃላዩ ብቻ ቢነገር ምን ይጎድላል? ከዚህም በላይ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 23ን ገልጣችሁ እንድታነቡ እለምናችኋለሁ። ምዕራፉ ስለ በዓላት ብቻ የሚናገር ሆኖ ሳለ፣ በቁጥር 22 በበዓላቱ መካከል ድንገት ስለ እርሻ ይናገራል፤ የእርሻህን ዳር ፈጽመህ አትጨድ፣ ቃርሚያውንም ለድሀና ለመጻተኛ ተው ይላል። የመከር በዓልና ቃርሚያ በአንድ ላይ የታዘዙ ናቸው። የሩት ታሪክም የተጀመረው ከዚህ ቃርሚያ ነው። በዚች እኅታችን አጥቢያ ያለው ምእመን ከምስጋናው በኋላ ባለው ሳምንት ደቦ ጠርቶ ደለሉን ከማሳዋ ቢጠርግላት፣ ከደኅና አምራቾች ደግሞ ጥቂቶች ለመጪው ክረምት የሚሆን የሩዝ ዘር ያለ ወለድ ቢያበድሯት፣ የሰንበቱ ጸሎት ፍጻሜውን አገኘ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እኔ በባሕር ዳር ከተማ በደመወዝ የምተዳደር ሰው ነኝ። እርሻ የለኝም፤ የመኸር ምስጋና እኔን ይመለከተኛል ወይ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ እንጀራ የሚበላ ሁሉ ይመለከተዋል። የደመወዝ ዓሥራት በየወሩ እንደሚወጣ ያውቃሉና በእርሱ ላይ አልቆይም።

ለከተማ ሰው የመኸር ምስጋና የሚፈተነው እህል ሲገዛ ይመስለኛል። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳና ልዩ ልዩ ክፍያ ስላለበት እህሉን የሚያወጣው ሁሉም በሚያወጣበት ጊዜ ነው፤ ዋጋው የሚወርደውም ያን ጊዜ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዋጋው ሲወጣ እርሱ ራሱ ሸማች ሆኖ ይመጣል። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 ከባልንጀራህ ስትገዛ ወይም ስትሸጥለት አታታልለው ሲል ሻጩን ብቻ ሳይሆን ገዢውንም ጨምሮ ነው። ስለዚህ ከወረታ ወይም ከመርዓዊ ገበያ የዓመት ቀለብዎን ሲሸምቱ፣ የሻጩን ችግር አይተው ዋጋ አይስበሩበት፤ ሚዛኑም የተስተካከለ መሆኑን ለራስዎ ብቻ ሳይሆን ለእርሱም ብለው ይመልከቱ። ማሳው ጎርፍ ያገኘው መሆኑን ከነገረዎት የጠየቀውን ይክፈሉት፤ የሚገዙትንም ከእርሱ ይግዙ።