መልስ፦ የሃይላንዱ ሳንባ ውስጥ ፊኛው አልነፋ ያለው ለምንድን ነው?

ታቹ ተቆርጦ ላስቲክ በተወጠረበት የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ፣ በስትሮው ጫፍ ፊኛ አስረሽ የሠራሽው የሳንባ ሞዴል አልሠራ ብሎሻል። ፊኛው ችግር የለበትም፣ አየር እየሾለከብሽ ነው። የታችኛውን ላስቲክ ስትጎትቺ የላይኛው ፊኛ ንቅንቅ አላለም ካልሽ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ክዳኑ ላይ ስትሮው የገባበትን ቀዳዳ ነው።

1. የስትሮውን ዙሪያ በሊጥ ድፈኚው። ፕላስተር ብቻውን አይበቃም፤ እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ከፕላስተር ጋር ስታገል ቆይቼ በመጨረሻ የገላገለኝ የዳቦ ሊጥ ነው።

2. ታች ጠርሙሱ የተቆረጠበት ጠርዝ ከተንሻፈፈ እዚያም ይሾልካል። በመቀስ አስተካክይው።

3. ጠርሙሱ ስስ ከሆነ ስትጎትቺ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይጨማደድና ፊኛው ባለበት ይቀራል። የለስላሳ ጠርሙስ ወፈር ስለሚል ይሻላል።

አዲስ ፊኛ ግትር ነው፣ ቀድመሽ ሁለት ሦስቴ ንፊው። ሲሠራልሽ ደግሞ ይቺን አትርሺ፦ ደረት የሚሰፋው አየር ስለገባ አይደለም፤ ድያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ባንቺ ሞዴል የታችኛው ላስቲክ) ወደ ታች ወርዶ ደረት ስለሰፋ ነው አየሩ የሚገባው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። እኔ ይህንኑ ለተማሪዎቼ አሳይቼ ስጨርስ "እስቲ ሳንባ ሳሉ" ብላቸው፣ ሁሉም ሁለት ባዶ ፊኛ ሳሉልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ሳንባ የሚመስለው ስፖንጅ ነው፣ ውስጡ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ከዚያ ወዲህ በግ ሲታረድ ቁራጭ ሳንባና ቁራጭ ጉበት አስቀርቼ ልጆቹ ፊት ባልዲ ውሃ ውስጥ እጥላቸዋለሁ። ጉበቱ ይሰምጣል፣ ሳንባው ይንሳፈፋል። ጓንት አድርጊ፣ ደግሞ አንዱ ቀልቃላ በአፌ ልንፋው እንዳይል።