ሐምራዊው ጋሻ

ጥያቄ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃም ነው። የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ ትልቋ ልጄ ነው፤ 13 ዓመቷ ነው። ነገሩ ለሰው ሲያወሩት ትንሽ ይመስላል። እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ልጄ ትንንሽ ወታደሮችን ገጣጥማ ቀለም መቀባት ትወዳለች። ዋርሃመር የሚባለውን ጨዋታ የሚሠራው ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ከተማችን ስለሆነ ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። የክፍል ጓደኛዋ አስለመደቻት። ቅዳሜ ቅዳሜ የቀባቻቸውን ይዛ ትሄድና ትልቅ ጠረጴዛ ላይ አሰልፋ፣ በሜትር እየለካች፣ ዳይስ እየጣለች ትዋጋለች። መጀመሪያ ገንዘብ ማባከን መስሎኝ ተቆጥቼ ነበር። በኋላ እጇን አየሁ። የምስር ፍሬ በሚያህል ፊት ላይ ዓይን ትስላለች፤ ትንፋሿን ይዛ።

ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የአያቴ አባት አድዋ ዘምተዋል። ልጄ እዚህ ተወልዳ እዚህ ያደገች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አድዋን ስነግራት ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች እንጂ አትጠይቀኝም። ታዲያ የአድዋ ወታደሮች ተሠርተው እንደሚሸጡ ሳይ ሳልውል ሳላድር አዘዝኩ። ቁመታቸው 28 ሚሊሜትር፣ ከብረት የተሠሩ። 60 የእኛ፣ 20 ደግሞ ከጣሊያን ጋር የተሰለፉ አስካሪዎች።

ደስ አላት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አብረን እንቀመጥ ጀመር። ስለ እቴጌ ጣይቱ ጠየቀችኝ። «ጎፈር ምንድን ነው?» አለችኝ፣ በአማርኛ። 17 ወታደር ጨረስን።

ከዚያ በቅሎ ላይ የተቀመጠ፣ ለምድ የደረበ አንድ አለቃ ደረሳት። ጋሻውን ሐምራዊ ቀባችው። በላዩ ላይ በብርማ ቀለም ነጠብጣብ አደረገችበት። ሁለት ማታ ፈጀባት። እኔ ልጅ ሆኜ አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ ጋሻ ተሰቅሎ አይ ነበር፤ ቡኒ፣ ቆዳው የደረቀ። የአባቶቻችን ጋሻ ሐምራዊ ሲሆን አላስችል አለኝ። እሷ ስትተኛ ብሩሹን አንስቼ ቡኒ ቀባሁት። ብሩሹ እጄ ከገባ ደግሞ ብዬ የሦስት ወታደሮችን ፊትም አስተካከልኩ።

ጠዋት አየችው። አነሳችው፣ መብራቱ ሥር አገላበጠችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። «ኢትስ ፋይን» አለችኝ። ይኸው አምስት ሳምንት ሆነ፤ ሳጥኑን አልከፈተችም። የዋርሃመር የጠፈር ወታደሮቿን ክፍሏ ወስዳ፣ በሯን ዘግታ ትቀባለች። ባለቤቴ «በአሻንጉሊት ትኮራረፉ?» ትለኛለች። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። «ምንም አይደል» ትላለች፤ ግን አልተመለሰችም።

ሐሳባችን ለየካቲት 23 ጠረጴዛ ላይ አሰልፈን ለዘመድ ልናሳይ ነበር። ቡኒውን አጥቤ ሐምራዊውን ማውጣት ይቻላል? እኔ የቀባኋቸው ፊቶችም ከሰል መሰሉ፤ ነጭ ስቀላቅልበት ደግሞ አመድ የነፋበት ሆነ። አንዳንዶቹ ላይ በቆርቆሮ የሚረጨው መሠረት ቀለም እንደ አሸዋ ሻክሮ ቀርቷል። ከሁሉ በላይ ግን ልጄን እንዴት ልመልሳት?

አባት፣ ከኖቲንግሃም

መልስ

ወንድሜ፣

ከከባዱ ልጀምር። ሐምራዊው አይመለስም። እነዚህ በውሃ የሚቀጥኑት አክሪሊክ ቀለሞች አንዴ ከደረቁ አንዱ ሌላው ላይ ይጣበቃል። ምስሉን አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈው በጥርስ ብሩሽ ቢፈትጉት፣ የእርስዎ ቡኒ ሲለቅ የእሷ ሐምራዊም፣ የብር ነጠብጣቡም አብሮ ይለቃል። የሚቀረው ባዶ ብረት ነው። ስለዚህ እባክዎ ማታ ተነስተው ብቻዎን ለማጠብ አይሞክሩ። አንዴ ሳትጠየቅ ተነክቶባታል።

ቀጥሎ የምነግርዎ ደግሞ ሊያምዎት ይችላል። ልጅዎ ልክ ነበረች።

አያትዎ ቤት ያዩት ጋሻ እውነተኛ ነው። ተራው ዘማች የሚይዘው እንደዚያ ያለ ደረቅ ወፍራም ቆዳ ነበር። የመኳንንቱና በጀግንነት የተሸለሙት ሰዎች ጋሻ ግን በከፈይ ይለበጥ ነበር፤ በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ፣ በሐምራዊ ከፈይ። በላዩም የብር ጌጥ ይመታበታል። አውሮፓ ሙዚየሞች ውስጥ ዛሬም ይታያሉ። በቅሎ ላይ የተቀመጠ፣ ለምድ የደረበ ሰው ደግሞ ተራ ወታደር አይደለም። ልጅዎ ሐምራዊን የመረጠችው እንዲያው ደስ ስላላት ሊሆን ይችላል። የሆነ ሆኖ ለሰውዬው የሚገባውን ጋሻ ነበር የሰጠችው። እርስዎ የቀሙት እሱን ነው።

ይህን ንገሯት። «ይቅርታ ጠይቄያታለሁ» ብለውኛል፤ እኔ ግን የጠየቁት ስላዘነችብዎ ይመስለኛል። እሷን የጎዳት ሌላ ነው። ቀለም የሚቀባ ሰው የብሩሹን ጭረት እንደ እጅ ጽሑፉ ያውቀዋል። እኔም ብሩሽ ይዤ ስለምቀመጥ አውቀዋለሁ። ሁለት ማታ የፈጀብኝን ከመቶ መሐል ለይቼ አወጣዋለሁ። ልጅዎ ጠዋት መብራቱ ሥር ስታገላብጠው እጇን እየፈለገች ነበር። ስለዚህ እንዲህ ይበሏት፦ «ሥራሽን ሳልጠይቅሽ ነካሁ። የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። የአለቃው ጋሻ አንቺ እንዳደረግሽው ነበር።» የከፈይ ጋሻ ፎቶ ፈልገው ያሳዩዋት። ከዚያ ዝም ይበሉ። «በይ እንጀምር» አይበሏት። ትንሽ ይክበዳት፣ ትንሽ ይቅለላት፤ ጊዜ ይስጧት።

ወደ ጠረጴዛው ስትመለስ ደግሞ ሥራችሁ የተለያየ ይሁን። የአድዋ ሠራዊት የደንብ ልብስ አልነበረውም። ሸዋው፣ ጎጃሙ፣ ወሎው፣ ትግሬው፣ ከሐረር ከራስ መኮንን ጋር የመጣው፣ ሁሉም በየአለቃው ሥር፣ ያለውን ለብሶ፣ ያገኘውን ታጥቆ ነው የዘመተው። አንዱ ውጅግራ፣ ሌላው ሰናድር፣ ሌላው ጦርና ጎራዴ ብቻ። አንዱ ጃኖ ለብሷል፣ አንዱ በርኖስ ደርቧል፣ ብዙው በባዶ እግሩ ነው። 60ውን ስታሰልፉ ሁለት አንድ ዓይነት ሰው ባይኖር እውነቱ እሱ ነው። ይህ ጦር ቀለም መምረጥ ለሚወድ እጅ የተሠራ ነው። እሱ የእሷ ይሁን።

እርስዎ 20ዎቹን አስካሪዎች ይውሰዱ። እነሱ ደንብ አላቸው፦ ነጭ ልብስ፣ ታርቡሽ የሚባለው ረጅም ቀይ ቆብ፣ ወገብ ላይ የሚጠመጠም መቀነት። የመቀነቱና የታርቡሹ ዘርፍ ቀለም እንደየሻለቃ ጦሩ ይለያያል፤ ስለዚህ አንድ ሻለቃ ጦር መርጠው 20ውንም አንድ ዓይነት ማድረግ ይችላሉ። «ትክክል ካልሆነ» የሚል ዓይን ካለዎት እዚህ ያሳርፉት። ፊታቸውን ግን ከዚያው ከእኛው ወታደሮች ብልቃጥ ይቅቡ። አብዛኞቹ ከመረብ ማዶ፣ ከዛሬዋ ኤርትራ፣ የመጡ ልጆች ናቸው። ልጅዎ «ለምን ከጣሊያን ጋር ቆሙ?» ብላ ብትጠይቅዎ፣ በእኔ ዓይን ከጋሻው ቀለም የበለጠ ጥያቄ ጠየቀች ማለት ነው፤ ጊዜ ወስደው ይመልሱላት።

ቁጥሩም አያሳስብዎ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጣሊያኑ የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር ከ17 ሺህ በላይ ሰውና 56 መድፍ ነበረው። በእኛ በኩል 100 ሺህ ገደማ ሰው ተሰልፏል። ይህን ሁሉ ቀብቶ የሚጨርስ የለም። አንድ ሰዓት፣ አንድ ኮረብታ ይምረጡ። እኔ ብሆን ማለዳውን እመርጣለሁ። በባራቲየሪ ሥር የነበረው የጄኔራል አልበርቶኔ ብርጌድ አብዛኛው አስካሪ ነበር። የካርታውን ቦታ ተሳስቶ ወደ ኪዳነ ምሕረት ኮረብታ ከሌሎቹ ርቆ ገባና ብቻውን ተከበበ። 20 አስካሪ በ60 ሲከበብ ጠረጴዛችሁ ላይ ሥዕሉ ሙሉ ነው። ሳያውቁት ጥሩ አድርገው አዝዘዋል።

አሁን ወደ ፊቶቹ። ከሰል የመሰሉት በአንድ ጥቁር ቡኒ ስለተሞሉ ነው። አመድ የመሰሉት ደግሞ ነጭ ስለገባባቸው ነው። ነጭ የእኛን መልክ ያጠወልገዋል። ቀላ ካለ ጥቁር ቡኒ ይነሱ። ሲያፈኩት ነጩን ትተው ኦከር የሚባለውን ቢጫማ የአፈር ቀለም ወይም ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቡኒ ይጨምሩ። ያንን የፈካውን አፍንጫ ጫፍ፣ ጉንጭ አጥንትና ግንባር ላይ ብቻ ያሳርፉት። ሲደርቅ ዎሽ የሚባለውን ቀጭን ቡኒ ፈሳሽ አንዴ ይለፉበት፤ ዓይን ሥርና ከንፈር ጥግ ገብቶ ራሱ ጥላ ይሠራል። ደግሞ ሁሉንም አንድ አያድርጓቸው። ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ቀይ፣ ጥቁር እያልን ሰው የምንለይ ሕዝብ ነን፤ ለእያንዳንዱ አንዲት ጠብታ መለወጥ ይበቃል። እነዚያን ሦስት ፊቶች ግን ራስዎ አይንኳቸው። ቀለሙን ቀምመው ያቅርቡላት።

ሸማውም እንደዚሁ ነው። ከብልቃጡ የወጣ ንጹሕ ነጭ ሙሉ ልብስ ላይ ሲቀባ ፕላስቲክ ይመስላል። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ወደ ክሬም ያደላል። በክሬም ይጀምሩ፣ እጥፋቱ ውስጥ ፈዘዝ ያለ ግራጫማ ቡኒ ይስደዱ፣ ንጹሑን ነጭ ለእጥፋቱ ጫፍ ያስቀምጡት። ለጥለቱ በጣም ቀጭን ብሩሽ አይግዙ። እንደሱ ያለው የሚይዘው ቀለም ትንሽ ስለሆነ መስመሩ ሳያልቅ ይደርቃል። መካከለኛ ሆኖ ጫፉ የሾለ ይሻላል። ቀለሙም ወተት እስኪመስል ይቅጠን።

የመሠረት ቀለሙ መሻከር የአየሩ ጣጣ ነው። የእንግሊዝ ክረምት እርጥብ ነው፤ ርቀቱም ሲበዛ ቀለሙ ምስሉ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቅና እንደ ዱቄት ያርፋል። ደረቅ ቀን ይጠብቁ። ቆርቆሮውን ሁለት ደቂቃ ሙሉ ይነቅንቁ። ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቀው፣ ውጭ፣ በአጭር በአጭሩ ይርጩ። ዝናቡ አላቆም ካለ በብሩሽ የሚቀባ መሠረት ቀለም፣ ፕራይመር የሚሉት፣ አለ። ከዚያ በፊት ምስሎቹን በሳሙና ውሃ ማጠብ አይርሱ፤ ሲሠሩ የቀረ ቅባት ይኖራል። ጦርና ጠመንጃ ሲያያይዙ በሱፐር ግሉ ይሁን፤ የፕላስቲኩ ማጣበቂያ ብረት አይዝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅዎ ስለ እቴጌ ጣይቱ ጠይቃለች ብለዋል። እቴጌ አድዋ ላይ የራሳቸው ጦር ነበራቸው። ከዚያም በፊት መቀሌ ላይ የጣሊያን ምሽግ ሲከበብ ምንጩ እንዲያዝ የመከሩት እሳቸው ናቸው። በውጊያው ቀንም ሴቶች ለተዋጊው ውሃ ያመላልሱ ነበር። ገንቦ የተሸከሙ ሦስት አራት ሴቶች በሚቦካው ማጣበቂያ፣ ግሪን ስተፍ በሚሉት፣ ከሌላ ምስል ለውጦ መሥራት ይቻላል። ያንን ሥራ እሷ ትሥራው። ካልፈለገችም ይቅር።

43 ወታደር ይቀራችኋል። እሷ በሳምንት አምስት ብትቀባ ዘጠኝ ሳምንት ነው። ለየካቲት 23 ካልደረሰ ያልተቀቡትን ክሬም ፕራይመር ብቻ ቀብታችሁ ከኋላ አሰልፏቸው፤ ከሩቅ ነጭ የለበሰ ሰው ይመስላሉ። ዘመድ የሚያየው ፊት ያሉትን ነው።

አለቃውን ደግሞ ዛሬ ማታ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት። አልኮሉን፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ጓንትና ሐምራዊውን ብልቃጥ ከጎኑ። ይታጠብ አይታጠብ እሷ ትወስን። የምታጥበው ከሆነ መስኮት ይከፈት፣ ምድጃውም ይጥፋ።