ንቁ ሰዓታችሁን ለማን ትሰጣላችሁ?

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት በሒሳብ ሥራ ስለሆነ «ጊዜ የለኝም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ከማዘኔ በፊት መደመር ይቀናኛል። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በየቀኑ 8 ሰዓት ብትተኙ፣ በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠሩ ወይም ብትማሩ 72 ሰዓት ይተርፋል። መንገዱን፣ ምግቡን፣ የቤቱን ጣጣ ቀንሱለት፤ ከዚያም በኋላ የሚቀር ነገር አለ። (ታማሚ የምታስታምሙ ወይም ሁለት ሥራ የምትሠሩ ይህ ስሌት አይመለከታችሁም፤ እናንተን የምመክርበት አፍ የለኝም።)

ሆኖም ሰዓት ከሰዓት ይለያል። አእምሮ በደንብ የሚነቃበት ጊዜ በቀን ውስጥ ጥቂት ነው። ብዙዎቻችሁ እሱን ለመልእክትና ለወሬ ታስረክቡና ለትምህርታችሁ የምታስተርፉት የዛለውን ማምሻ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ኸርበርት ሳይመን ስማርት ስልክ ባልታሰበበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1971፣ መረጃ ሲበዛ የሚመነምነው የሰው ትኩረት መሆኑን ጽፎ ነበር። ዛሬ ያንን ትኩረት ለአስተዋዋቂዎች የሚሸጡ ኩባንያዎች አሉ፤ ስለዚህ በስልክ መሸነፋችሁን የጠባይ ድክመት ብቻ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ስልኩን ግን ሌላ ክፍል አስቀምጡት።

ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መዝለልም እንደሚታሰበው ጉብዝና አይደለም። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ ሥራውን ሳይቋጭ ወደ ሌላ የሚያልፍ ሰው ሐሳቡ በከፊል እዚያው እንደሚቀር አሳይታለች። መጽሐፍ ገልጦ መልእክት የሚመልስ ሰው ጥናቱም ጨዋታውም አይሆንለትም፤ ሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል።

ስንት ሰዓት ይበቃል ለምትሉኝ፣ ከምትፈሩት ያነሰ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ የበርሊን ቫዮሊን ተማሪዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱን አሳትመዋል። የላቁት ተማሪዎች ብቻቸውን የሚለማመዱት በአማካይ በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር፤ በችሎታ ዝቅ ካሉት ተማሪዎች ይልቅም ብዙ ይተኙ ነበር። ሰው ከዚህ ጥናት ይዞ የወጣው «ለመላቅ አስር ሺህ ሰዓት ልምምድ ያስፈልጋል» የሚለውን ቁጥር ነው፤ እንቅልፉን የሚያነሳ ግን አይገጥመኝም። እናንተ ሙያተኛ ቫዮሊን ተጫዋች ካልሆናችሁ በቀን አንድ ንቁ ሰዓት ትልቅ መነሻ ነው፤ በዓመት 365 ሰዓት ይሆናል። ለአንዳንዱ ማለዳ ነው፣ ለሌላው ሌሊት፤ የራሳችሁን ታዘቡ። ቅዳሜ ላይ ሰባት ሰዓት ከመቆለል በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት ይሻላል። ተከፋፍሎ የተጠና ነገር በአንድ ጊዜ ከተሸመደደው ይልቅ እንደሚዘልቅ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኢቢንግሃውስ በራሱ ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሞታል። ስትጨርሱ መጽሐፉን ዘግታችሁ ያነበባችሁትን ከራሳችሁ አውጡ፤ ማስመር ብቻውን የሚያውቁ ያስመስላል እንጂ አያሳውቅም።

የቀረውን ጊዜ ልቀቁት። እያንዳንዷን ደቂቃ ትርፍ አስገቡባት የሚሉ መካሪዎች በዝተዋል፤ እኔ አልስማማም። ከወዳጅ ጋር ያለ ቁም ነገር መጫወት፣ ያለ ጆሮ ማዳመጫ በእግር መሄድ፣ ተጋድሞ ጣሪያ ማየትም ሳይቀር ኪሳራ ተብሎ አይመዘገብም።

ለጥቂት ወራት ሞክራችሁት ያ ሰዓት በየቀኑ እንደ ቅጣት ከከበዳችሁ፣ ራሳችሁን ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት የመረጣችሁትን ነገር መርምሩ። ምናልባት የአባት፣ የጓደኛ ወይም የዘመኑ ምኞት ይሆናል። ያን ጊዜ ሰዓቱን እንደያዛችሁ ትምህርቱን ቀይሩ።