«ለትዳር እንተያይ» ላለኝ ወንድም መልስ ከመስጠቴ በፊት

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ዕድሜዬ 27 ነው። ፒያሳ አካባቢ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ፤ በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤትም አገለግላለሁ። አብሮን የሚያገለግል አንድ ወንድም «ለትዳር እንተያይ» ብሎ ጠየቀኝ። ክፉ ነገር አላየሁበትም። ግን እሱን ወድጄው ይሁን፣ ጓደኞቼ ሁሉ አግብተው ብቻዬን መቅረቴ አስፈርቶኝ፣ መለየት አቃተኝ። ከዚህ በፊት የነበረኝ ግንኙነትም በደህና አላበቃም። አንዳንዶች «ሱባኤ ገብተሽ ምልክት ለምኚ» ይሉኛል፤ ሌሎች «መጀመሪያ ራስሽን ዕወቂ» ይሉኛል። ራስን ማወቅ ሲባል በተግባር ምን ማድረግ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከምልክቱ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። የምልክት ነገር ሲነሣ የሚጠቀሰው ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ የተላከው የአብርሃም ሎሌ ነው (ዘፍ. 24)። ሎሌው ግን ሕልም አልለመነም። እሱን ብቻ ሳይሆን ግመሎቹንም አጠጣለሁ የምትል ልጅ ነው የለመነው። ግመሎቹ 10 ነበሩ። የተጠማ ግመል 100 ሊትር ያህል ሊጠጣ ይችላል፤ በእኛ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሰላ ለሁሉም 50 ጀሪካን ይሆናል ማለት ነው። ርብቃ ከጕድጓድ በእንስራ እየቀዳች፣ ያውም እየሮጠች፣ ለማታውቀው መንገደኛ ይህን ሠራች። ምልክቱ ጠባይዋ ነበር። ስለዚህ ሱባኤውን ግቢ፤ ሕልም ከመጠበቅ ይልቅ ግን የራስሽን እንስራ ተመልከቺ። ሲደክምሽ፣ የሚያመሰግንሽም ሳይኖር፣ ምን ታደርጊያለሽ?

«እኔ ዝምተኛ ነኝ፣ እኔ ሆደ ባሻ ነኝ» ማለት ለራስ ስም ማውጣት እንጂ ራስን ማወቅ አይደለም። የሚመረመረው የተሠራ ሥራ ነው። አንዲት ትንሽ ደብተር ግዢና ለ40 ቀን ያዢያት። ይህ ምክር ነው እንጂ ሥርዓት አይደለም፤ 40 ያልኩትም ሰው ለሁለት ሳምንት ጨዋ መምሰል ስለማያቅተው ነው። ማታ ከጸሎተ ንዋም (ከመኝታ ጸሎት) በፊት ሦስት መስመር ብቻ ጻፊ፦ ዛሬ ምን አስቆጣኝ፣ ምንስ አደረግሁ? ምን ደበቅሁ? ገንዘቤና ትርፍ ሰዓቴ የት ገባ? ከዚያ ካለፈ ድርሰት ይሆንና በሳምንቱ ይሰለችሻል።

ብዙዎች የሚያበላሹት ፍርድ እየጻፉ ነው። «ትዕግሥት ይጎድለኛል» ብለሽ ከጻፍሽ ምንም አልጻፍሽም። «ማክሰኞ፦ ታክሲ ሰልፍ ላይ 40 ደቂቃ ቆሜ ቤት ገባሁ። እማዬ ዘይት ረሳሽ ወይ ስትለኝ ጮኽሁባት። ይቅርታ ሳልጠይቃት ተኛሁ።» ይህ ተጻፈ ይባላል። በ40ኛው ቀን ስታነቢው «ይቅርታ ሳልጠይቅ ተኛሁ» የሚለው ዘጠኝ ጊዜ ተደጋግሞ ካገኘሽ፣ ወደ ትዳር ይዘሽው የምትገቢው ያ ነው፤ ባልሽ ማንም ይሁን ማን። ሰልፉማ ለሁሉም ሰው አለ።

ረቡዕና ዓርብን ለይተሽ ምልክት አድርጊባቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበዪ ቢሮ ስትቆዪ የማን ድምፅ ነው የሚያስጠላሽ? ባልና ሚስት ለጾምና ለጸሎት የሚለያዩት ተስማምተው እንደሆነ ሐዋርያው ይናገራል (1ኛ ቆሮ. 7፥5)፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። በጾም ጠባይዋ እንደሚለወጥ የማታውቅ ሴት፣ ወይም የማያውቅ ወንድ፣ ጥሉን ሁሉ በሌላው ያሳብባል።

ወደ ፍርሃትሽ ስመጣ፣ ይህ በሐሳብ አይለይም፤ በቀን ይለያል። በዚያው ደብተር ጠርዝ ላይ ስለዚህ ወንድም በናፍቆት ያሰብሽበትን ቀን ነጥብ አድርጊበት። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ደግሞም ከትንሣኤ በኋላ የሠርግ ጥሪ ይደራረባል። ነጥቦቹ ሚዜ ከሆንሽበት ቅዳሜ ማግሥት ተሰብስበው ማክሰኞና ሐሙስ ባዶ ከሆኑ፣ የናፈቀሽ ሠርጉ ነው። በተራው የሥራ ቀን፣ እሱ የተናገረውን ወይም ለሌላ ሰው ያደረገውን አስበሽ ነጥብ ካደረግሽ ግን ሌላ ነገር ነው። ብቸኝነትሽን እንደ ኃጢአት አትቁጠሪው፤ «ሰው ብቻውን ይሆን ዘንድ መልካም አይደለም» ያለው ራሱ እግዚአብሔር ነው። ግን ቅደም ተከተሉን እይ፦ አዳም ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ሥራ የተሰጠው ሔዋን ከመፈጠሯ በፊት ነው (ዘፍ. 2፥15)። አንቺም ሥራሽንም አገልግሎትሽንም «ሳገባ አስተካክለዋለሁ» ብለሽ ትተሽው እንደሆነ ደብተሩ ያሳብቅብሻል።

አሁን ዋናው፣ ንስሐ አባትሽ። ስለ ቀድሞው ግንኙነትሽ የጻፍሽው በደብተር መቅረት የለበትም። እዚህ ላይ ሦስት ስሕተት አያለሁ። አንደኛው፣ በእፍረት ምክንያት ትዳር ሲቃረብ አዲስ ንስሐ አባት መያዝ፤ አዲሱ አባት ከየት እንደመጣሽ አያውቁም፤ የሚመክሩሽም የነገርሻቸውን ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ የሠሩትን ተናግሮ ያልዳነውን ቁስል መደበቅ፤ «ከሰው ጋር ነበርኩ» ይባላል፣ «እስከ ዛሬ ስልክ ቁጥሩን አላጠፋሁትም» ግን አይባልም። ሦስተኛው «አባ፣ ላግባው ወይስ ልተወው?» ብሎ ውሳኔውን እሳቸው ላይ መጣል ነው። ንስሐ አባት ይመክራሉ፣ ቀኖና ይሰጣሉ፣ ይጸልያሉ፤ ውሳኔው ግን ያንቺው ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልንገርሽ፣ ብዙ ልጆች በዚህ ተጨንቀው ይሰነብታሉና። ሥርዓተ ተክሊል ለደናግል ነው። ድንግልና ያለፈው ሰው ንስሐ ገብቶ በጸሎተ መዓስባንና በቅዱስ ቁርባን ያገባል። ይህም ቅዱስ ጋብቻ ነው፤ የውርደት በር አይደለም። ውርደት የሚሆነው እውነቱን ደብቆ ከአክሊሉ ሥር መቆም ነው። እውነቱ ለንስሐ አባት የሚነገረው አሁን፣ ለእጮኛ የሚነገረው ደግሞ መተጫጨት ሲታሰብ ነው፤ አዳራሽ ተከራይቶ ካርድ ከታተመ በኋላ የተነገረ እውነት ብዙ ሰው አብሮ ይጎዳል።

ከዚያ አንዲት ምስክር ፈልጊ። የምትወድሽ ብቻ ሳትሆን ስትቆጪ ያየችሽ ትሁን፤ እኅትሽ ወይም የቢሮ ባልደረባሽ። «ጠባዬ እንዴት ነው?» ካልሻት «ወርቅ ነሽ» ብላ ታልፍሻለች። «ከእኔ ጋር አንድ ቤት ብትኖሪ መጀመሪያ የሚያስመርርሽ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂያትና ስትመልስልሽ አታቋርጫት፤ ማቋረጥሽም ራሱ መልስ ነውና። ድሮ ይህን ሥራ ሰፈር ይሠራው ነበር። አሁን ከፒያሳና ከዙሪያው የተነሣው ሰው ወደየዳርቻው ስለተበተነ፣ አንቺንም እሱንም ከልጅነት የሚያውቁት እማማ በአጥር ወዲያ የሉም፤ ስልክ ደውሎ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ መጠየቅ ግድ ሆኗል። ስትጠይቂ ዝምድናውንም አጣሪ። የሥጋውን በየቤተሰባችሁ ታስቆጥሩታላችሁ። የተረሳው የክርስትናው ነው፦ በድሮው ሰፈር ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ ክርስትና ያነሣ ነበር፤ የሱ እናት ያንቺ የክርስትና እናት ሆነው ቢገኙ ጋብቻው አይሆንም።

ገንዘቡን በአጭሩ ልለፈው፣ የሒሳብ ሰው ነሽና። የሦስት ወር ደመወዝሽ የት እንደገባ፣ ለቤተሰብ የምትልኪው፣ ያልደረሰሽ እቁብ፣ የተበደርሽው። ካገባሽ በኋላም ለእናትሽ የምትልኪውን አታቆሚ ይሆናል፤ እንግዲያው ስንት እንደሆነ አሁን ዕወቂው።

ይህ ሁሉ እየሆነ ከሱ ጋር በየሌሊቱ እስከ ስድስት ሰዓት የምትጻጻፉ ከሆነ ግን ምርመራው ከንቱ ነው። ልብ አንዴ ከታሰረ ደብተሩን ለሱ እንዲመች አድርጎ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ቀን ቁረጪለት፦ «በዚህ ቀን መልስ እሰጥሃለሁ» በይው። እስከዚያ በጉባኤና በአገልግሎት ትገናኛላችሁ፤ ማኪያቶ ብትጠጡም ሰው በሚያይበት ቦታ፣ በቀን። ተከራይቶ ወደሚኖርበት ቤት አትሂጂ። ጉዳዩን ንስሐ አባትሽና ከቤተሰብሽ አንድ ሰው ይወቁት። መዘምራኑ ሁሉ እንዲያውቁት አያስፈልግም፤ ነገሩ ባይሆን ሁለታችሁም አገልግሎቱን ትሸሻላችሁ።

ስትጨርሺ ንጹሕ ሰው ሆኜ እገኛለሁ ብለሽ አትጠብቂ። ደብተሩን አይታ «እንዲህ ሆኜማ ማንንም አላገባም» የምትልም አለች፤ እሷም ተሳስታለች። ጉድለቱን የሚያውቅና ለማረም የጀመረ ሰው ለትዳር በቂ ነው። «ገና ነኝ» የሚያሰኘው ሌላ ነው፦ የቀድሞው ሰው ሲደውል ልብሽ የሚዘል ከሆነ፣ ለማንም ያልነገርሽው ሱስ ካለ፣ ወይም የምትፈልጊው ከቤት መውጣት ብቻ ከሆነ።

መልስሽ «እሺ» ከሆነ፣ ከሽማግሌ በፊት ሁለታችሁም በየንስሐ አባቶቻችሁ ዘንድ ቅረቡ፤ የጤና ምርመራውንም ሳትዘገዩ አድርጉ። «አይሆንም» ከሆነ በአካል ተገናኝታችሁ በአጭሩ ንገሪው። «ጸልዬ እግዚአብሔር እንቢ አለኝ» አትበይው፤ እንቢ ያልሽው አንቺ ነሽና ስሙን በከንቱ አታንሺ፤ እሱም እግዚአብሔር የጠላው እንዳይመስለው። «አስቤበታለሁ፤ አልችልም» በቂ ነው። ደብተሩን ንስሐ ከገባሽበት በኋላ አቃጥዪው። «እሺ» ብትዪውም እንኳ ለሱ እንዳታሳዪው፤ ማወቅ የሚገባውን በአፍሽ ትነግሪዋለሽ።